መጠቅለያውን የሚመርጠው መንገዱ ነው

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 በቀይ ባሕር ውስጥ በጅዳ አጠገብ የተዘረጉ የመገናኛ ገመዶች ስለ ተቈረጡ፣ በእስያና በአውሮጳ መካከል የሚያልፈው መልእክት በሌላ መንገድ መዞር ግድ ሆነበት። ማይክሮሶፍትም ደንበኞቹ መዘግየት እንደሚያጋጥማቸው አስታወቀ። በ2024 ፌብሩዋሪም በዚያው ባሕር ሦስት ገመዶች ተቈርጠው ነበር። ብዙዎቻችን የጠየቅነው «ማን ቈረጠው?» ብለን ነው። መንገዱ ሲለወጥ የመልእክቱ መጠቅለያ አብሮ እንደሚለወጥ ግን ልብ ያልን ጥቂቶች ነን።

በኢንተርኔት የሚላክ ማናቸውም ነገር ፓኬት ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱም ራስጌ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ይጻፋል። ነገር ግን ፓኬት ራቁቱን አይጓዝም፤ ፍሬም የሚባል መጠቅለያ ያስፈልገዋል። ራውተር የተባለው መሣሪያ ፓኬቱ ሲደርሰው መጠቅለያውን ቀድዶ ይጥላል፤ አድራሻውን አንብቦ በየትኛው መስመር እንደሚያሳልፈው ከወሰነ በኋላም ለዚያ መስመር በሚስማማ አዲስ ፍሬም ይጠቀልለዋል። እንግዲህ መጠቅለያውን የሚመርጠው ላኪው ሳይሆን መንገዱ ነው።

የጨው ነጋዴዎቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ከአፋር በረሓ የሚወጣው አሞሌ በቈላው በግመል ይጫናል፤ ደጋው ሲደርስ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል። ጨውም ባለቤቱም ያው ናቸው፤ ጭነቱ ግን በመንገዱ ልክ እንደገና ይታሰራል። አህያም ግመል የቻለውን አትችልም።

በመረቡም ዘንድ ይህ ችሎታ በቍጥር የታወቀ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው ኢተርኔት በአንድ ፍሬም 1,500 ባይት ይይዛል። ፓኬቱ በሌላ ፓኬት ሆድ ውስጥ ገብቶ በሚያልፍበት፣ ባለሙያዎች ቶነል በሚሉት መስመር ግን ተጨማሪው መጠቅለያ ቦታ ይሻማል። ጂ.አር.ኢ. የተባለው ዓይነት 24 ባይት ወስዶ 1,476 ብቻ ያስቀራል። «24 ባይት ምን አላት?» ትሉ ይሆናል።

በታላላቆቹ የባሕር መስመሮች ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ጣጣው ያለው በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የውጭ መስመሮቿ በጎረቤቶቿ፣ ለምሳሌ በጂቡቲ በኩል ያልፋሉና የመንገድ መለወጥ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ዋናው መስመር ተቋርጦ ሥራው በቶነል መጠባበቂያ ሲዞር፣ 1,500 ባይት የሞላው ፓኬት አያልፍም። ብዙ ጊዜ ላኪው «አትከፋፍሉት» የሚል ምልክት ስለሚያደርግበት፣ ራውተሩ ይጥለውና «የእኔ መስመር የሚችለው ይህን ያህል ነው» ብሎ አጭር መልእክት ይመልሳል። ላኪውም አሳንሶ ይልካል። ይህ ሥርዓት በ1990 የተደነገገ ነው።

ያን መልስ የሚያደርሰው አይ.ሲ.ኤም.ፒ. የሚባለው ነው። ብዙ ኃላፊዎች ግን ሰላይ ይጠቀምበታል ሲሉ በፋየርዎል ጠቅልለው ይዘጉታል። ፍርሃታቸው ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሌባን ለመከልከል ፖስተኛውንም ማገድ ነው። ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ፓኬቶች ያልፋሉ፤ መስመሩ ሲፈተሽ ደኅና ነው ይላል፤ የመግቢያው ገጽም ይከፈታል፤ አባሪ ያለው ደብዳቤ ሲላክ ግን ቀጥ ይላል። ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን፣ ባለሙያው መስመሩን ይወቅሳል፤ ባለጉዳዩ ደጅ ይጠናል። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስቀያይር ውያለሁ፤ ገመዱ አንዳች ጥፋት አልነበረበትም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። «ፓኬቱ በዝቷል» የሚለው መልስ ብቻ በፋየርዎሉ እንዲያልፍ ማዘዝ ይቻላል። ከዚህም ጋራ 1,472 ባይት የያዘ፣ ከ28ቱ የራስጌ ባይት ጋራ 1,500 የሚሞላ የፒንግ መሞከሪያ «አትከፋፍሉት» ተብሎበት በመጠባበቂያው መስመር ይላክ። ዋናው መስመር ደኅና ሳለ ይህን ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።