«ስሸመግል እቆርባለሁ»

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴው ሊያበቃ ሲል፣ ለቁርባን የሚሰለፈውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። የ40 ቀን ወንድ ወይም የ80 ቀን ሴት ልጅ ያቀፉ እናቶች አሉ። ነጠላ የተጠመጠመላቸው ሕፃናት አሉ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ የወንድሟን ነጠላ ጫፍ ትጎትታለች። ከዚያ ወዲያ መቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ቆርበው ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከቁርባን በኋላ ወደሚጠጣው ውኃ፣ ወደ ማየ መቁረሩ ያዘግማሉ። በመሀል ያለው ሰውስ? እዚያው ቆሟል። ዩኒፎርሙን ለብሶ ከበሮ ይመታል፣ ለሚቆርቡት ይዘምራል፣ ሰልፉን ያስተካክላል።

ከቆሙት አንዱ ነበርኩ። በሰንበት ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። በጥምቀት ምንጣፍ ተሸክሜ በታቦቱ ፊት ሮጫለሁ፤ ለጉባኤ ወንበር ደርድሬያለሁ፤ የወር መዋጮ ሰብስቤያለሁ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አንድም ቀን አልቆረብኩም፣ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም። የመዝሙር ጥናት ሁለት ጊዜ ብቀር ግን የአባላት ጉዳይ ኃላፊው ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር።

ይህ የእኔ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በመሀላችን ተደላድሎ የተቀመጠ አስተሳሰብ ነው፦ ቁርባን ለሕፃንና ለሽማግሌ፣ አገልግሎት ለወጣት፣ ለጎልማሳ ደግሞ አሥራትና ጉባኤ። «ወጣትነት እሳት ነው፤ ደፍሮ ከመቀጣት መቆየት ይሻላል» ይባላል። ፍርሃቱ ከአክብሮት የመጣ መሆኑን አልክድም። ንስሐ ሳይገቡ፣ ሳይጾሙ ዘው ብሎ መቅረብን ማንም አይደግፍም። ግን ይህ አክብሮት ለምን በሰባት ዓመት ይጀምራል? ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ምንም ሳይገባው በተጠመቀበት ዕለት አቁርባዋለች። እኛ ማቁረቡን የምናቆመው ልጁ መጠየቅ፣ ማፈር፣ መዋሸትና መጸጸት ሲጀምር፣ ማለትም በሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

ደግሞ ዕድሜው ራሱ እንቅፋት እንዳልሆነ ማስረጃው መቅደሱ ውስጥ አለ። ቅዳሴ ለመግባት ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። ቀድሰው ይቆርባሉ። የ14 ዓመቱ ዲያቆን በገባ ቁጥር ሲቆርብ የ13 ዓመት እኅቱ ውጭ ቆማ «ገና ነኝ» ትላለች። ምን ጎድሏት ነው? እሱን ከዋዜማው ጀምሮ «ነገ ገቢ ነህ፣ ተጠንቀቅ» የሚለው ሰው አለ። ለእሷ እንዲህ የሚላት የለም።

«ቆራቢ» የሚለው ቃል ራሱ በአፋችን አርጅቷል። ቆራቢ ስንል የሚታየን ጠጅ ቤት መሄድ የተወ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ፣ ልጆቹን የዳረ ሰው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ስትቆርብ «በቃ፣ ዓለምን ተወች» ይባልላታል። ጋብቻውም ያው ነው። በተክሊል የሚያገቡ ሙሽሮች እየበዙ መሆናቸው ደስ ይላል፤ ሆኖም ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ፣ አዳራሽ ደግሶ፣ «ልጆቻችን ካደጉ በኋላ አብረን እንቆርባለን» የሚለው ባልና ሚስት ዛሬም ብዙ ነው። ምክንያቱን ስትጠይቁ በሹክሹክታ ይነግሯችኋል፤ በቁርባን የተጋባ አይፋታማ! ቁርባኑ ትዳሩን የሚያቆም ኃይል መሆኑ ተረስቶ በሩ ላይ የሚንጠለጠል ቁልፍ ሆኗል። ቁልፉን ደግሞ መውጣት የሚያሰኝባቸው ዓመታት እስኪያልፉ ማንም አይፈልገውም።

የተለወጠ ነገር የለም አልልም። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤያት የተማሩ ወጣቶች ከምረቃ በኋላም ሲቆርቡ ይታያሉ። ግን ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ልጅስ፣ ባለ ሱቁ፣ ጋራዥ የሚሠራው?

ጉባኤ በማብዛት የሚድን ነገር አይመስለኝም። በአንድ ስፒከር ለ7 ዓመት ልጅና ለ70 ዓመት አዛውንት አንድ ስብከት እንለቅቃለን፤ ሁለቱም ያጨበጭባሉ፣ ሁለቱም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የጎደለው ሰውን በስሙ የሚያውቅ ካህን ነው። ሥርዓቱ አለን፤ እያንዳንዱ ምእመን የንስሐ አባት አለው ይባላል። በተግባር ግን የንስሐ አባት የቤት ነው እንጂ የሰው አይደለም። መጥተው ጸበል ይረጫሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ እናትን ስለ ጾሟ ይጠይቃሉ፣ ጓዳ ስልኩን የሚነካካውን ልጅ «እግዚአብሔር ያሳድግህ» ብለው ይወጣሉ። ልጁ 25 ዓመቱ ነው።

እኔ 38 ሞላኝ። ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደውዬ የንስሐ አባታችንን ስልክ ቁጥር እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለች።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»