በልክ የሚሠራ ሳይክል

ከአሮጌ ዕቃ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ሳይክል ስሙ የሚነሳው ከእጅ ማጠር ጋር ነው፤ አዲስ መግዛት ያቃተው ሰው መፍትሔ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ልኩን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ሳይክል ከርካሽ አዲስ ሳይክል ይሻላል ባይ ነኝ። ፍሬሙ ለነጂው ካጠረ ጉልበት በደንብ ሳይዘረጋ ይታመማል፤ ከረዘመም ወገብና ትከሻ ይጎዳል። ርካሹ አዲስ ሳይክል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአንድ ወይም በሁለት ልክ ስለሆነ አጭሩም ረጅሙም ያንኑ ይገዛል። ልብሱን በልኩ ሲያሰፋ የኖረ ሕዝብ ሳይክል ላይ ሲደርስ ያገኘውን መቀበሉ አግባብ አይመስለኝም።

ለዚህ የስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ሥራ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1993 ኖርዌይ፣ ሃማር ውስጥ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የፍራንቼስኮ ሞዘርን የ9 ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። የነዳው ራሱ የሠራውን ሳይክል ነበር፤ ፔዳሎቹን የሚያሽከረክረው ክፍል ላይም ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የተፈታ ኩሽኔታ ገጥሞበታል። እግሮቹ ተቀራርበው እንዲሽከረከሩ ፈልጎ ነው፤ ለዚህ የሚሆነውን ጠባብ ኩሽኔታ ያገኘውም እዚያ ነው። በሳምንቱ ክሪስ ቦርድማን ክብረ ወሰኑን ነጠቀው፤ ኦብሪ በ1994 መልሶ ወሰደው። ሰውዬው ልዩ አትሌት ስለነበረ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኩሽኔታ ጉልበት አይሰጥም። ኦብሪ ግን ዕቃውን የመረጠው በዋጋው ወይም በአዲስነቱ ሳይሆን ለሰውነቱ በመስማማቱ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ አትሌት መሆን አያስፈልግም።

ሥራውን የሚያቀልለው ሳይክል ከጥንት ጀምሮ በጋራ ልኬት መሠራቱ ነው። የካቴናው ዓይን ከዓይን ርቀት ከመቶ ዓመት በላይ ግማሽ ኢንች ሆኖ ኖሯል። አስቸጋሪው ጎማ ነው። «28» ተብለው የሚሸጡ ሁለት ጎማዎች አንዱ 622፣ ሌላው 635 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚገባ ሊሆን ይችላል፤ «26» የሚባሉትም እንዲሁ 559 እና 590 አላቸው። ስለዚህ መታየት ያለበት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ነው። የግራ ፔዳል ወደ ግራ እንደሚጠብቅ የማያውቅ ሰውም እፈታለሁ ብሎ ያጠብቀዋል፤ ጥሩ የነበረውን ጥርስ ጨርሶ ያበላሸዋል። ዕቃ እንኳ አይጠፋም፤ ቆራሌው በየሰፈሩ ይለቅማል፣ የመርካቶው ምናለሽ ተራም አሮጌ ብረት አዲስ ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው። የሚጎድለው ይህ ዕውቀት ነው።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች ከባዱ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ መልሱም ቁጠባ ድንበር አለው የሚል ነው። የፍሬን ሽቦ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ጎማና ካላማደሪያ አዲስ መሆን አለባቸው። ፍሬሙ መሪው ከሚገባበት ቱቦ ሥር ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጨማደደ፣ ብረቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መተው ይሻላል። የብረት ፍሬም በጥሩ በያጅ እጅ ይጠገናል፤ የታጠፈ አልሙኒየም ግን ቀንቶ አይታመንም። በዚህ ጥንቃቄ የተሠራ አሮጌ ሳይክል፣ ከካርቶን ወጥቶ በጥድፊያ ከተገጠመና ቡሎኑ በቅጡ ካልጠበቀ አዲስ ሳይክል የበለጠ ያስተማምናል። ጊዜ ይፈጃል የሚለውን አልክድም። ሆኖም የገጣጠመው ሰው ሳይክሉ ሲበላሽ የቱን መፍታት እንዳለበት ያውቃል፤ ዛሬ ያጠፋውን ሰዓት በኋላ ያገኘዋል።

ባሕር ዳርና ሐዋሳን በመሳሰሉ ሜዳማ ከተሞች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሳይክል የሚጠግኑት ሰዎች የዚህን ሥራ ትልቁን ክፍል ይችሉታል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የጎማ ቁጥር አነባበብን፣ የፍሬም ልኬትንና ቀጭን ቱቦ መበየድን በአጭር ሥልጠና ቢጨምሩላቸው፣ ጥገና ብቻ ሳይሆን በትእዛዝ ሳይክል መሥራትም ይችላሉ። ደንበኛውም ቁመቱንና የእግሩን ርዝመት አስለክቶ ማዘዝ ይለምዳል።