ላረጀ መኪና ሙሉ መድን ይገባልን?

የዚህ ዓለም ንብረት ሁሉ ኃላፊ እንደ መሆኑ መጠን፣ ነገ ከእጁ ሊወጣ ስለሚችለው ነገር አስቀድሞ ማሰብ ለባለጠጋውም ለድኻውም የተሰጠ የአእምሮ ግብር ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ቶዮታ ይዞ የሚመላለሰው ሰው፣ የመድን ውሉ የሚታደስበት ቀን በደረሰ ቁጥር፣ «ለዚህ አሮጌ ብረት ሙሉ ኢንሹራንስ ምን ይሠራለታል? ሦስተኛ ወገን ይበቃዋል» ብሎ ነገሩን ባንድ ቃል ሲቆርጠው እንሰማለን። እኔ ግን የዚህ ፍርድ ሚዛን የባለቤቱ ጥሪት እንጂ የመኪናው ዕድሜ ሊሆን አይገባውም እላለሁ።

መኪና እንደ ልብ በሚገኝበት አገር፣ ተሽከርካሪ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ስለሚሄድ፣ ባለቤቱ ዓመታዊውን አረቦን ከመኪናው ዋጋ ጋር አስተያይቶ ሙሉ ሽፋኑን ቢተው አስተዋይ ይባላል። በእኛ ዘንድ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀንም የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለ ተለቀቀ፣ በዕድሜው ብዛት ይረክሳል የተባለው መኪና በብር ሲተመን እየተወደደ መጣ። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት በቁጠባው ኮሮላ የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያው መኪና ዛሬ ቢጠፋበት በደመወዙ ሊተካው አይቻለውም፤ አሮጌ ብሎ የናቀው ነገር ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጠው ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህም የሚወለድ ሌላ መዘዝ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 እንደ ደነገገው፣ የንብረት መድን ካሣ ስለ ሆነ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም፤ ስለዚህ ዋጋውን አብዝቶ ማስመዝገብ ትርፍ የለውም። አሳንሶ ማስመዝገብ ግን ጉዳት አለው። ገበያው 1,200,000 ብር የሚያወጣውን መኪና፣ አረቦን ለመቀነስ ወይም የዱሮውን ውል እንዳለ በማደስ፣ በ600,000 ብር መድን የገባለት ሰው አለ እንበል። መኪናው ተጋጭቶ ራዲያተሩ ቢፈስስ፣ የፊት መብራቱ ቢሰበር፣ ኮፈኑም ቢታጠፍና የጥገናው ሒሳብ 200,000 ብር ቢሆን፣ በብዙ ውሎች በሚገኘው የተመጣጣኝነት አንቀጽ መሠረት የሚደርሰው ግማሹ 100,000 ብር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚባለው ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም በአዲስ ለሚተኩት ዕቃዎች የእርጅና ቅናሽ ይታሰባል። ባለመኪናው ፕሮፎርማውን አጣጥፎ ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ባገለገለ መብራት ዋጋ ሲከራከር የሚውለው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሰው ስሙ ሙሉ የሆነ መድን ሲገዛ ኖሮ በግማሹ ተሸፍኖ መኖሩን የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድንም ቢሆን ምን እንደ ሆነ በውል ሊታወቅ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህን መድን ግዴታ ያደረገው በመንገድ ላይ የሚጎዳውን ሌላውን ሰው ለመጠበቅ እንጂ የባለመኪናውን ንብረት ለማዳን አይደለም። ለዚያውም አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የወሰነው ጣሪያ 100,000 ብር ነበርና፣ ጣሪያ ባለበት ሁሉ ከጣሪያው የሚያልፈው ዕዳ ወደ ጥፋተኛው መመለሱ አይቀርም።

አንዳንዶች ደግሞ፣ መኪናቸውን ካህን ጠበል ረጭቶላቸው፣ የእመቤታችንን ሥዕል ከመስተዋቱ ሥር ሰቅለው፣ «ጠባቂዬ እግዚአብሔር ነው» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው እግዚአብሔር ለዮሴፍ ሕልም የመፍታትን ጸጋ ሲሰጠው፣ ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት እህል አከማቸ እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጥንቃቄ የሃይማኖት ተቃራኒ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መኪናው እንጀራው የሆነለት የታክሲ ባለንብረት፣ ወይም መኪናው ቢጠፋ ሌላ የሚገዛበት ጥሪት የሌለው ሰው፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያረጅ ሙሉ ሽፋኑን አይተው። መኪናው ቢጠፋበት ኑሮው የማይናጋ፣ ሳይነካው የሚያቆየው ተቀማጭ ያለው ሰው ግን ቢተወው አይነቀፍም፤ ብቻ ያስቀረውን አረቦን ለዕለት ወጪ ሳያውለው በየዓመቱ በተለየ የባንክ ሒሳብ ያኑረው። በሁለቱ መካከል ያለውም፣ አንዳንድ መድን ሰጪዎች ለእሳትና ለስርቆት ብቻ የሚሰጡትን ሽፋን ይጠይቅ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ ውሉን በቦሎ ሰሞን ጥድፊያ የሚያድስ ሰው ብዙ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ውልህ ከማብቃቱ አንድ ወር አስቀድመህ የመኪናህን የዛሬ ዋጋ ከሁለት ሦስት ደላሎች ጠይቅ፤ በውሉ ላይ የተጻፈውን ዋጋ አስተካክል፤ ኤክሰሱ ስንት እንደ ሆነና የእርጅና ቅናሹ እንዴት እንደሚታሰብ በጽሑፍ እንዲሰጥህ አድርግ። ዋጋውን ለማስተካከል ፈቃድህ ካልሆነ ግን፣ በግማሽ ዋጋ የተገባ ሙሉ መድን ከንቱ መጽናኛ ነውና፣ ሦስተኛ ወገኑን ብቻ ይዘህ ልዩነቱን ብታስቀምጥ ይሻልሃል።