ካረጁ አይበጁ? ዘግይቶ ስለሚመጣ የፈረስ ፍቅር

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ፈረስ መጋለብ የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ከወገኖቹ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሳቅ፣ ሌላው ሒሳብ ነው። ሳቁ «ካረጁ አይበጁ» በሚለው ብሂል ይጠቃለላል። ሒሳቡ ግን ጠንከር ይላል፤ ለአንድ ሰዓት ግልቢያ የሚከፈለው ገንዘብ ወደ አገር ቤት ቢላክ የስንቱን ቀዳዳ ይደፍን ነበር? ሁለቱም ምላሾች ተገቢ መልስ ይሻሉ።

ሳቁ የሚነሣው ፍቅሩን አዲስ አድርጎ ከማየት ነው። በምጣኔ ሀብት ትምህርት የሰው ፍላጎት በምርጫው ይገለጣል ይባላል። ይህ የሚሠራው ግን አማራጩ በእጁ ለነበረ ሰው ብቻ ነው። ያልቀረበለትን ነገር ያልመረጠ ሰው ስለ ፍላጎቱ የነገረን አንዳች ነገር የለም።

ፈረስ ለብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ለሴቶች፣ ከዓይን ሳይጠፋ ከእጅ የራቀ እንስሳ ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ለረጅም መንገድ የምትመረጠው በቅሎ ስትሆን ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ይጠበቅ ነበር፤ ወይዛዝርቱም የሚጓዙት በበቅሎ ነበር። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሜዳውን የሚሞሉት ዛሬም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። እንግዲህ በልጅነቷ የወንድሞቿን ፈረስ ውኃ ስታጠጣ አድጋ ኮርቻው ላይ ግን ወጥታ የማታውቅ ሴት በ52 ዓመቷ ሜሪላንድ ውስጥ ልጓም ብትጨብጥ፣ የተለወጠው ፍላጎቷ ሳይሆን የከለከላት ነገር ነው።

«ጊዜው አልፏል» የሚለውም ሙግት አይጸናም። ያለፉት 40 ዓመታት ያለ ፈረስ ማለፋቸው የቀሩት 20 ዓመታት እንዲሁ እንዲያልፉ ምክንያት አይሆንም። የወጣ ወጪ አይመለስም፤ ውሳኔ የሚሰጠው በቀሪው ላይ ነው። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በፈረስ ከተወዳደሩ በኋላ የሥራ ዘመናቸውን በኩባንያ ኃላፊነት አሳልፈው፣ በ2008 ወደ ቤጂንግ፣ በ2012 ደግሞ በ71 ዓመታቸው ወደ ለንደን ኦሊምፒክ ተመልሰዋል። እርግጥ ነው፣ እሳቸው ጀማሪ አልነበሩም። ሆኖም ግልቢያ ከጉልበት ይልቅ ሚዛንንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ጥበብ መሆኑን ታሪካቸው ያስረዳል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የእናት መድኃኒት፣ የእኅት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነውና እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ግዴታውን ሳይወጣ ለፈረስ የሚያወጣ ሰው ወቀሳ ቢደርስበት አይገርምም። ነገር ግን ለሠርግ አዳራሽና ለአዲስ መኪና የሚወጣው ገንዘብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብበት አይሰማም። ልዩነቱ የዋጋ አይደለም። ሠርጉና መኪናው ለሌላው ዓይን የሚታዩ ሲሆኑ፣ ግልቢያው ግን የጋላቢው ብቻ ደስታ ነው። በማኅበረሰባችን ይቅርታ የማይደረግለት ወጪ ሰው ለብቻው ደስ የሚሰኝበት ነው።

ይህ ማለት ግን የወደደ ሁሉ ፈረስ ይግዛ ማለት አይደለም። የፈረስ ዋናው ወጪ የግዢ ዋጋው ሳይሆን ድርቆሹ፣ የሰኮናው እንክብካቤ፣ የሐኪሙና የማደሪያው ኪራይ ነው። ፈረስ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ በ55 ዓመቱ ግልገል ፈረስ የሚገዛ ሰው ምናልባት ራሱ ሊፈጽመው የማይችለውን ውል እየገባ ነው። በጎልማሳ አጥንት መውደቅም ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በሰዓት ከፍሎ መማር ወይም አንድ ፈረስ ለሁለትና ለሦስት ሆኖ መንከባከብ ለኪስም ለእንስሳውም ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «አይበጁ» የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በአገራችን ከተሞች ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ፣ ሲደክም ወይም ሲቆስል መንገድ ዳር ተጥሎ ይታያል። የሚመዘነው በሚጎትተው ሸክም ነበርና መጎተት ሲያቆም ዋጋው ያከትማል። ስደተኛውም ለ30 ዓመታት በሚልከው ገንዘብ ሲመዘን ኖሯል፤ ቀስ በቀስም ራሱን በዚያው ሚዛን መመዘን ተምሯል። ቅዳሜ ማለዳ ፈረሱን ቦርሾ የሚጭን ሰው ግን ከእንስሳው ጭነትም ትርፍም አይጠይቅም። ይህን ለፈረስ የፈቀደ ሰው ለራሱም ቢፈቅድ፣ ሊሳቅበት አይገባም።