ሲሊንደሩ ይከለል እንጂ አይታፈን

ሰሞኑን ለማኅበራችን ከቀረቡት አቤቱታዎች መካከል የብዙዎቹ ጉዳይ ውሃም መብራትም አይደለም፤ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ነው። ከየሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከየምግብ ቤቱ ጓሮና ከየኪራይ ክፍሉ በር ዳር የተገተረው፣ ቀለሙ የተላጠና ዝገት የበላው ብረት የሠፈሩን መልክ አበላሸ ነው የሚባለው። መስቀል እየተቃረበ ሁሉም ግቢውን መጥረግ በጀመረበት ወቅት እንዲህ ያለ አቤቱታ መምጣቱ አያስገርምም። በመጪው የነዋሪዎች ስብሰባም ማንኛውም ሲሊንደር በላሜራ ሳጥን ተዘግቶበት እንዲቀመጥ፣ አለዚያም ወደ ቤት እንዲገባ የሚያዝ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። እኛ ከሐሳቡ ግማሹን እንደግፋለን። ግማሹን ግን አጥብቀን እንቃወማለን።

የምንደግፈው ሲሊንደሩ ከዓይን ይሰወር የሚለውን ነው። ውበት የሀብታም ጣጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ሊያይ ወደ ነቀምቴ የመጣ እንግዳ መንገዱ በኛ ሠፈር በኩል ሊሆን ይችላል፤ እንግዳው ቢቀርም እንኳ ጠዋት በሩን ከፍቶ ያንን ብረት የሚያየው የገዛ ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ ይከለል። ክርክራችን በምን ይከለል በሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ የጋዙን ጠባይ እንወቅ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ጋዞች በግፊት ፈሳሽ ሆነው ነው። ፈሳሹ ሲያመልጥ ወደ 250 እጥፍ ያህል ሰፍቶ ጋዝ ይሆናል። ደግሞም እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቦይ ያገኘ እንደሆነ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ጉድጓድ ካለ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከተማችን ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ከላይኛው ግቢ ያመለጠ ጋዝ ከታችኛው ግቢ ምድጃ ጋ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። በሜክሲኮ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሳን ሁዋኒኮ እ.ኤ.አ. በ1984 የሆነው ይኸው ነው። ከጋዝ ማከማቻው ቧንቧ ያፈተለከው ጋዝ መሬት ለመሬት ተንፏቆ እሳት ካለበት ደረሰና አምስት መቶ ያህል ሰው አለቀ። የኛ ሲሊንደር ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ የጋዙ ጠባይ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ የላሜራውን ሳጥን እናስበው። አራት ጎኑ ድፍን፣ ክዳኑ ድፍን፣ በሩ በቁልፍ። የመቆጣጠሪያው ጎማ ያረጀ ወይም ቱቦው የተሰነጠቀ እንደሆነ ጋዙ ሳጥኑን ሞልቶ ይቀመጣል። ሽታውም ታፍኖ ስለሚቀር ቶሎ የሚያውቅ አይኖርም። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ያ የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለው ክርፋት ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ከትምህርት ቤት ወለል በታች ተጠራቅሞ ሲፈነዳ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ካለቁ በኋላ ነው ሽታ መጨመር በሕግ መደንገግ የጀመረው። ያ ሁሉ ሕይወት የተከፈለበትን ሽታ እኛ በላሜራ ልናፍነው ነው እንዴ?

ሳጥኑን የሚደግፉት ሰዎች ስለ ሌባ ማንሳታቸው እውነት አላቸው። ሲሊንደር ዛሬ ውድ ነው፤ ሌሊት ተነቅሎ ቢሄድ ለመተካት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለሌባ የሚበጀው ላሜራ ሳይሆን የብረት ፍርግርግ ነው። ለመስኮት የሚሠራውን ዓይነት ፍርግርግ የትኛውም በያጅ ይሠራዋል፤ ሌባ አያሳልፍም፣ ነፋስ ያሳልፋል።

ወደ ቤት ይግባ የሚለው ደግሞ ከሳጥኑም የባሰ ነው። ወርዱም ቁመቱም 4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በአየሩ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ጋዝ ከተቀላቀለ ክብሪት ይበቃዋል፤ ለዚህም ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጋዝ ይበቃል። ያውም ጋዙ ወለል ወለሉን ስለሚይዝ ከዚያ ያነሰውም አደጋ አለው። እንግዲህ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድረው ማነው?

እዚህ ላይ ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ አከራዮች የፊት ለፊቱን ግቢ ለማሳመር ሲሉ ሲሊንደሩን ተከራዮች ወደሚያድሩበት ኮሪደር ወይም ከደረጃ ሥር ማስገባት ጀምረዋል። ተከራዩም ውጣ እንዳይባል ዝም ይላል። ይህ ማሳመር አይባልም፤ የራስን ስጋት በሰው ራስጌ ላይ ማስቀመጥ ነው። መከለያውን የማሠራት ወጪ የአከራዩ ሊሆን ይገባል ብለን እናምናለን። ግቢው የእርሱ ነውና።

ታዲያ በምን ይከለል? ሲሊንደሩ ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ ይቁም። ክረምታችን ከግንቦት እስከ መስከረም የሚያረጥብ ስለሆነ መሬት ላይ የተቀመጠ ብረት ከሥሩ ይበሰብሳል። ምን ጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተኛ ፈሳሹ ራሱ ወደ መቆጣጠሪያው ይመጣል። በእንግሊዝ አገር የተለመደው መመሪያ ከበርና ከመስኮት 1 ሜትር፣ ከክፍት ቦይና ከምድር ቤት 2 ሜትር ይራቅ የሚል ነው፤ እኛም ይኸንኑ ብንይዝ አንጎዳም። መከለያው በሁለት ወይም በሦስት ወገን ብቻ ሆኖ ላዩ ክፍት ይሁን፣ ከግርጌውም አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይተውለት፤ ጋዙ የሚወጣው በላይ ሳይሆን በዚያ ነውና።

ለመከለያ ከሸመል የተሠራ ፍርግርግ ያምራል፤ ሸመሉም ከምዕራብ ወለጋ ቆላ የሚመጣ የራሳችን ነው። ነገር ግን ምስጥ አለ። የምስጥን ነገር የመንዲና የነጆ ሰው ይንገራችሁ፤ ቤት የሚበላ ምስጥ ለአንድ መከለያ አይሰንፍም። እግሩን በድንጋይ ላይ ካላስቀመጡት በክረምቱ መጨረሻ መከለያውም የለም፣ ገንዘቡም የለም። ተክል ከተፈለገ ደግሞ ሰንሰል፣ በኦሮምኛ ዱሙጋ የምንለው፣ ከሁሉ ይሻላል። ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት ይጸድቃል፣ ቅጠሉም ጥቅጥቅ ይላል። ክንችብ ግን ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆች ባሉበት ግቢ አንመክርም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከሲሊንደሩ አጠገብ መከመርማ ፈጽሞ አይገባም። በመስከረም 16 የደመራው ችቦ በየግቢው ደጃፍ እንደሚያልፍም አንርሳ።

ቀለም እንቀባው የሚሉም አሉ። አንደግፈውም። ሲሊንደሩ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ የሚለየው በቀለሙ ነው፤ በብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍና ቁጥርም በቀለም ከተሸፈነ አይነበብም። የቀለሙን ገንዘብ ለአዲስ ቱቦ ያውሉት፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ይዞ ሲሊንደር ማሳመር የቀዳዳ ጣሪያ ኮርኒስ እንደ መቀባት ነው። መገጣጠሚያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅም ክብሪት ሳይሆን የሳሙና አረፋ ነው፤ አረፋው ከቆረቆረ ያፈሳል። ሽታው ከመጣ ቫልቩን መዝጋት፣ በርና መስኮቱን መክፈት፣ መብራት አለማብራት፣ የበራውንም አለማጥፋት፣ ከአካባቢውም መራቅ ነው።

ስለዚህ በስብሰባው የሚቀርበው ሐሳብ «የላሜራ ሳጥን» የሚለው ወጥቶ «ነፋስ የሚያሳልፍ መከለያ» በሚል እንዲተካ፣ «ወደ ቤት ይግባ» የሚለውም ጨርሶ እንዲሰረዝ እንጠይቃለን። ሳጥኑን አስቀድሞ ያሠራ ሰው ገንዘቡ ከንቱ ቀረ ብሎ አይዘን፤ ከግርጌው በሁለት ወገን ሰፋ አድርጎ ቢያስቆርጠውና ክዳኑን ቢያነሣለት ያገለግለዋል። ብቻ መቁረጡም ሆነ መበየዱ ሲሊንደሩ ከአካባቢው ርቆ ከተወሰደ በኋላ ይሁን!

የሰንሰል ቅርንጫፍ የሚፈልግ ነዋሪ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለው አጥር መቁረጥ ይችላል። ቆንጨራ ግን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ የማኅበሩን ባለፈው የወሰደው ሰው እስካሁን አልመለሰም።