ተነሳሽነት በአዳራሽ አይታደልም

የመሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያነብ ሁሉ «ያጋጠሙ ችግሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር ምን እንደሚመጣ ያውቀዋል፦ «የሠራተኛው ተነሳሽነት ማነስ»። «የተወሰደ መፍትሔ» የሚለው ደግሞ ይከተላል፦ «ስልጠና ተሰጥቷል»። ይህንን ለምደነዋል። ሰሞኑን ደሜን ያፈላው ሸዋ ሮቢት ላይ ከጀውሃና ከየቀበሌው ለተሰበሰቡ ሠራተኞች አንድ አሠልጣኝ የተናገሩት ነው። «ሥራውን የሚወድ ሰው ስለ ደመወዝ አያነሳም!» አሉ። ቀጥለውም በዚያ የቆላ ሙቀት ሁሉንም አስነሥተው «ጎናችሁ ላለው ሰው ‹አንተ ልዩ ነህ› በሉት» አሉ። ተባባሉ። ተጨበጨበ።

ከጭብጨባው በኋላ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ፒራሚድ መጣ፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ የአብርሃም ማስሎ ነው ተባለ። ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የለም፤ ሥዕሉን የሠሩለት ኋላ የመጡ የማኔጅመንት ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ ግን የታወቀ ነው፤ የሰው ፍላጎት እርከን አለው፤ መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ራስን ማሳካት መጨረሻ። አሠልጣኛችን ከጫፉ ጀመሩ። የታችኞቹን ሁለት እርከኖች «እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ» ብለው አለፏቸው።

ልክ ብለዋል፤ እናውቃቸዋለን። ደኅንነትን የጀውሃ ሰው በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በነበረው ግጭት፣ ኋላም በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ተምሮታል። ተፈናቅሎ፣ ተመልሶ፣ ቢሮውን ጠርጎ ሥራ የጀመረን ሰው «ተነሳሽነት ጎድሎሃል» ማለት ድፍረት ነው። ምግቡንም እናውቀዋለን። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ተለቀቀ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760፣ በ2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ ተባልን። ቤት ኪራዩን ለከፈለ፣ ዘይቱንና ጤፉን ለገዛ ሰው የጭማሪውን ዕድሜ ማስረዳት አያስፈልግም። ባዶ ጆንያ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አሠልጣኙ ግን ቁም እያሉ ያጨበጭቡለታል።

ነገሩ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ከሠልጣኞቹ መካከል አንዲት የግብርና ባለሙያ ነበረች። ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ሲያጣ በእግሯ ከአንዱ የማሾ ማሳ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ ማታ ገበሬ ሲደውል ታነሳለች፤ ካርድ ሲያልቅበት ከኪሷ ሞልታ መልሳ ትደውላለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ዘሩ የመዝሪያው ጊዜ ሳያልፍ ይድረስ። ጻፈች፤ መልስ አልመጣም። ዘሩ ገበሬው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ መጣ። ከዘሩ ቀጥሎ የመጣላት የስልጠናው ጥሪ ነው። እንግዲህ መሠልጠን የነበረበት ማን ነው? እሷ ወይስ ደብዳቤዋን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው?

ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴም በዚሁ መንገድ ነው የጨረስነው። የካይዘን ኢንስቲትዩቱ በ2004 ተቋቋመ፤ አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ በየግድግዳው ተለጠፉ። ጃፓኖቹ የካይዘን ነፍስ ያደረጉት ከታች ያለው ሠራተኛ ያየውን ጉድለት ተናግሮ መሰማቱን ነው። እኛ ወረቀቱን ለጠፍን፣ ጆሮውን ተውን። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶቹ ታሰሩ። ይህን ያየ ሠራተኛ ቢሮው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሰዓት ቢቆጥር ተነሳሽነት አጥቶ አይደለም፤ መናገር የሚያስከትለውን አስልቶ ነው።

ስለ ደመወዝ የማያነሡት አሠልጣኝ ሲጨርሱ ምን እንዳደረጉም ልንገራችሁ። የውሎ አበል ሰነዱ እስኪመጣ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስትዘገይ ደወሉ፤ ከዚያም ደጋግመው ደወሉ። አልወቅሳቸውም፤ ሰው የሠራበትን ይጠይቃል። ግን ሥራቸውን አይወዱትም ማለት ነው?

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት ጸሐፊዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። «የሠራተኛው ተነሳሽነት ማነስ» የሚለውን ሰርዛችሁ መልስ ያላገኙትን የሠራተኛ ደብዳቤዎች ብዛትና በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳሉ ጻፉ። ስልጠናውንም ለዚያ ጠረጴዛ ባለቤት ስጡት፤ ጭብጨባውን እኛ እንችላለን።