የ12ኛ ክፍል ማትስ የሚወድቀው 2ኛ ክፍል ላይ ነው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ያው ነው። ሲስተሙ ይጨናነቃል፣ ስክሪንሾት ይዘዋወራል፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሁሉም ሰው የትምህርት ባለሙያ ይሆናል። ከዚያ ዝም።

ቁጥሮቹን እናስታውሳችሁ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። መሻሻል አለ። ግን አሁንም ከአስሩ ዘጠኙ አላለፉም።

ክርክሩ ሁሌም ስለ ፈተናው ነው፦ ስለ ኩረጃው፣ ስለ ጥያቄዎቹ ክብደት፣ ስለ ኦንላይኑ። እኛ ግን ዛሬ 10 ዓመት ወደ ኋላ እንመለስና አንድ ነገር እንጠይቅ። ያ ተፈታኝ የ7 ዓመት ልጅ እያለ ከማትስ ምን ያዘ?

ለምን ማትስ?

ማትስ እንደ ሌላው ትምህርት አይደለም። ስለ አክሱም ሲነገር የቀረ ልጅ ስለ ዓድዋ ሊገባው ይችላል። አስር ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ ግን 42 አይገባውም። 42 ካልገባው ፐርሰንት አይገባውም፤ ፐርሰንት ካልገባው ደግሞ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም አብሮ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከብሪታንያ የተሰበሰቡ ስድስት የረጅም ጊዜ መረጃዎችን አነጻጽሮ ነበር። ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ የነበራቸው የቁጥር ግንዛቤ የኋላ ውጤታቸውን ከንባብ ችሎታቸውም ሆነ ከትኩረታቸው በላይ ቀድሞ ያሳይ ነበር።

መቁጠርና ማወቅ ይለያያሉ

"ልጄ እኮ በእንግሊዝኛ እስከ መቶ ይቆጥራል" የሚል ወላጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን እስከ መቶ መቁጠር እንደ መዝሙርም ሊሸመደድ ይችላል።

ይህን ሞክሩ። 7 ቆርኪ ደርድሩና ልጁን አስቆጥሩት። ሲጨርስ "ስንት ናቸው?" በሉት። ወዲያው "ሰባት" ካለ ጥሩ። እንደገና ከአንድ ጀምሮ ከቆጠረ ግን የመጨረሻው ቁጥር ብዛቱን እንደሚናገር ገና አልገባውም። ቀጥሎ ቆርኪዎቹን በታትኑና "አሁንስ?" በሉት። "በዙ" ካለ መዝሙሩን ይዟል፣ ቁጥሩን አልያዘም።

ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ 42 − 17 ስጡት። 35 የሚል መልስ ከመጣ አትገረሙ፤ በመላው ዓለም የታወቀ ስህተት ነው። ልጁ ከ2 ላይ 7 ሲከብደው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። "ተበደር" የሚለውን ቃል ሰምቷል፤ የሚበደረው አንድ ሳይሆን አስር እንደሆነ ግን ማንም በእጁ አስይዞ አላሳየውም።

ያው ልጅ ሱቅ ሲላክ

የሚገርመው ነገር ይኸው ልጅ 42 ብር ይዞ የ17 ብር ዕቃ ቢገዛ 25 ብር መልሱን ቆጥሮ ሊቀበል ይችላል።

የኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ጥናት በህንድ ኮልካታና ዴልሂ ገበያ ላይ የሚሠሩ ከ1,400 በላይ ልጆችን ተመልክቷል። ልጆቹ የተወሳሰበ ሂሳብ በቃላቸው ይሠራሉ፤ ወረቀት ላይ በትምህርት ቤት መልክ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ ይቸገራሉ። በተቃራኒው ገበያ የማይሠሩት ተማሪዎች ወረቀቱን ይሠራሉ፣ የገበያው ሂሳብ ግን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ችግሩ የልጆቹ ጭንቅላት አይደለም። በክፍሉና በኑሮው መካከል ድልድይ የለም።

ድልድዩ ለምን ጠፋ?

መምህሩ ላይ ብቻ መጮህ ቀላል ነው። ስልሳ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ሁሉንም ትምህርት አንድ ሰው በሚያስተምርበት ደረጃ፣ "ሁላችሁም በሉ!" ብሎ በህብረት ማስደገም አማራጭ ማጣት ነው። በህብረት ሲባል ደግሞ ያልገባው ልጅ ድምፁ አይለይም። ዝም ብሎ ያልፋል፣ ክፍተቱን ተሸክሞ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። በከተሞች ግን ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ማትስን ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። የእኛ ቋንቋዎች ለዚህ ትምህርት የተመቹ መሆናቸውን ረስተናል። "አስራ አንድ" ውስጥ አስርም አንድም ይሰማል። በኦሮምኛ "ኩዻ ቶኮ"፣ በትግርኛ "ዓሰርተ ሓደ" ሲባልም እንደዚያው። "ኢለቨን" ውስጥ ግን ምንም አይሰማም። እንግሊዝኛ አይማሩ አላልንም። ግን ቋንቋውንም ሂሳቡንም በአንዴ የጫንበት ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጎ ይደምራል፤ ካልሆነ ይቀንሳል።

እና ምን ይደረግ?

የመንግሥት ሥራ የመንግሥት ነው፦ የተማሪ ቁጥር መቀነስ፣ ለታችኛው ክፍል ጠንካራ መምህር መመደብ፣ ልጁ የት እንደቀረ ሳይዘገይ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል መለየት። ለፈተናው የሚወጣው ትኩረት ሩቡ እንኳ ወደዚያ ቢሄድ ጥሩ ነበር።

ቤት ውስጥ ሆምወርክ የምታሠሩት ግን ብዙ ጊዜ እናንተ ታላላቆቹ ናችሁ። ስለዚህ፦

1. መልሱን ከመንገር በፊት "እንዴት አገኘኸው?" በሉ፤ ትክክል ሲሆንም ጠይቁ።

2. ቆርኪ፣ ባቄላ፣ ስንጥር አውጡ። አስሩን ስንጥር በክር እሰሩና 42ን በአራት እስርና በሁለት ስንጥር አሳዩ። 17 ለመቀነስ አንዱን እስር ይፍታ። "መበደር" ያኔ ይገባል።

3. ሱቅ ላኩና መልሱን ቀድሞ ያስላ። ሲመለስ ያንኑ ሂሳብ ደብተር ላይ ይጻፈው። ድልድዩ ይሄ ነው።

4. ስልኩን አስቀምጡና ገበጣና ቅልብልቦሽ ተጫወቱ። ከአራት ጠጠር ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስትና አንድ እያለ የሚያነሳ ልጅ አራት እንዴት እንደሚከፈል በእጁ ያውቀዋል።

5. "እኔም ማትስ አይገባኝም ነበር፣ ዘራችን ነው" አትበሉ። ልጁ ያምናችኋል።

ዘንድሮ 1ኛ ክፍል የገባው ልጅ 12ኛ ክፍልን የሚፈተነው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የሚለጠፈው ፐርሰንት አሁን እየተሠራ ነው።

የቆርኪውን ሙከራ ዛሬ ማታ ቤት ካለው ልጅ ጋር ሞክሩትና ምን እንዳለ ጻፉልን።